የቃል ፈተና ከቆርቆሮ በታች

መምህር ዲበኩሉን መቱ ከተማ ውስጥ የሚወድ ሰው አልነበረም። ሰላም ቢሏቸው አይመልሱም። ባጃጅ ከኋላቸው ጥሩምባ ቢነፋ ከመንገዱ መሃል ንቅንቅ አይሉም፤ አጠገባቸው ሲደርስ ደግሞ ሹፌሩን ከነዘሩ ይሰድቡታል። “ወይ ኩራት!” ይላል የሰፈሩ ሰው። ሌላ ምን ይበል?

ሻሽቱ ግን የምትጠላቸው በልጇ ምክንያት ነው። ሊቺ ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም ነበር። እናቷ አዲስ አበባ ወስዳ ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባል በቀዶ ሕክምና የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ አስገጠመችላት፤ ዛሬ መሣሪያዋን ከጆሮዋ በላይ ለጥፋ ትሰማለች፣ ታወራለች። ሐኪሙ ግን አስጠንቅቆ ነበር። “ጸጥ ያለ ቦታ ደህና ናት። ጫጫታ ካለ ድምፁ ሁሉ ይደባለቅባታል። ፊት ትቀመጥ፤ የሚያናግራት ሰው አፉን ያሳያት።”

ይኼ እንግዲህ ኢሉባቦር ነው፤ ዝናቡ የት ይቀራል? ሊቺ የምትማርበት የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። መምህር ዲበኩሉ ሒሳብ በቃል ይጠይቃሉ። ሊቺ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ዜሮ ታገኛለች፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

“ለምን አትመልሺም?” አለቻት ሻሽቱ።

“መልሻለሁ።”

“ለእኔም ትዋሺኛለሽ?”

ልጅቷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አፍራ ነው የምትዋሸው፣ አለች እናት በልቧ።

በማግስቱ መምህሩን ከትምህርት ቤቱ ግቢ አገኘቻቸው። “መምህር፣ እባክዎ” አለች። ዘወር ብለውም አላዩአት። ንዴቷ መጣና ክንዳቸውን ያዘች።

“ምን ያስጎትትሻል?” ብለው ጮኹባት።

“ልጄን እየበደሏት ነው!”

“ልጅሽ አትሰማም! እኔ ደንቆሮ ላስተምር አልተቀጠርኩም። ቤቷ ትቀመጥ!”

“ደንቆሮ አይበሏት! ምላስዎን ይቁረጠው!”

ግቢው ሁሉ ቆሞ አያቸው። መምህሩ በቀጥታ ዘንድሮ ወደመጣችው ርዕሰ መምህርት ገለኔ ቢሮ ገብተው፣ ወይ ልጅቷ ወይ እኔ አሉ። ገለኔ ሻሽቱን አስጠራች።

“ነገ ክፍል ገብቼ ራሴ አያለሁ። ዝናብ ላይ ካልሰማች እዚህ ልትማር አትችልም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።”

“እሱ ሩቅ አገር ነው። ከእኔ ተለይታ?”

“ምን ላድርግ?” አለች ገለኔ።

በማግስቱ ሰማዩ ተቀደደ። ሻሽቱ ከመስኮቱ ውጪ በረንዳው ላይ ቆመች፤ ከቆርቆሮው ጩኸት በቀር የምትሰማው የለም። ሊቺ ፊት ወንበር ላይ ናት፤ ገለኔ ከኋላዋ ተቀመጠች። መምህሩ ልጅቷ ፊት ተገትረው፣ አፋቸውን በልቅጠው ጠየቁ።

“ሰባት ሲባዛ በስምንት!”

ሊቺ አፋቸውን እያየች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

“ዝም አለች! በደልኳት እንዳትሉኝ ልድገምላት። ሰባት ሲባዛ በስምንት!”

ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። መምህሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ፤ ሳቁ ባሰ። ሻሽቱ በመስኮቱ የልጇ ዓይን እንባ ሲያቀር አየች። እነዚህ ጨካኞች፣ እንዲህ ይሳቅባታል? ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። “አለቀልን” አለች።

“አላልኩም?” አሉ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው። “እኔ ደንቆሮ አላስተምርም ብያለሁ!”

ገለኔ ብድግ ብላ ከጀርባቸው ቆመች። “ጋሼ ዲበኩሉ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሃምሳ ስድስት ብላለች” አለች። እሳቸው ሰሌዳውን መጥረግ ጀመሩ። ጠጋ ብላ፣ የደም ሥሯ እስኪገተር “ጋሼ ዲበኩሉ!” ብላ ጮኸች፤ እሳቸው ግን ዘወር እንኳ ሳይሉ ሰሌዳቸውን መጥረግ ቀጠሉ።