ያኛው ባንዲራ

«እጅሽን አሳዪኝ» አላት።

«ለምን? ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«አሳዪኝ አልኩሽ!»

ሴት ልጁ የዳቦውን ቁራሽ አስቀምጣ መዳፏን ዘረጋችለት። ከአውራ ጣቷ ሥር የተነሳ ቀይ ሰንበር መዳፏን አቋርጦት አልፏል። ገመድ የላጠው።

«ሶፋ ስንጭን ነው አባዬ። ሦስት ሰው ለሚያነሳው ዕቃ አለቃዬ አንዷን እኔን ያሰልፈኛል። የቤት ዕቃ ነጋዴ እንደሆነ ታውቀው የለ።»

አላመናትም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱን ባንዲራ ጠዋት የሚሰቅለው፣ ሲመሽ የሚያወርደው እሱ ነው። ሰው ስሙን ትቶ «ጋሽ ባንዲራ» ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ያሳደጋት በዚያው ምሰሶ ሥር ነው፤ ጫማዋን ማሰር ሳትችል የባንዲራ ገመድ ማሰር ትችል ነበር። ቋጠሮው የራሱ ነው። ሁለቴ ይዞርና በታች በኩል ይሾልካል። ነፋስ በጎተተው ቁጥር ይጠብቃል፤ በአንድ ጣት ሲስቡት ግን ወዲያው ይፈታል።

ባለፈው ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ፣ ትናንት ደግሞ በጤና ጣቢያው ምሰሶ ላይ ያኛው ባንዲራ ተሰቅሎ ተገኘ። ስሙን መጥራት ስለሚያጣላ ሁሉም «ያኛው» ነው የሚለው። እንዲያወርድ የታዘዘው ጋሽ ባንዲራ ነው። ሁለቱም የታሰሩት በዚያው ቋጠሮ ነበር፤ በአንድ ጣት ሳበና ፈታቸው።

«አንቺ ነሽ የሰቀልሽው?»

ሳቀች። «ብሆን ደስ ባለኝ። የሕዝብ ምሰሶ አይደል? ሕዝቡ የፈለገውን ይስቀልበታ! አለዚያ ስሙን ይቀይሩለት።»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ! እሱም ሕዝብ ነው።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አልካደችም። እሱን ያስጨነቀው ይሄ ነው።

በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ሬዲዮ ከፍቷል። የምክር ቤቱ ክርክር በቀጥታ ይተላለፋል። በሕዝብ ሕንፃ፣ በሕዝብ ምሰሶና በሕዝብ አጥር ላይ ከተፈቀደው ባንዲራ ሌላ የሰቀለ ሦስት ዓመት ይታሰር የሚል ረቂቅ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ነገ ነው።

«ምሰሶው የሁላችንም ከሆነ ጨርቁም የሁላችንም ይሁን!» ይላል አንዱ።

«የሁላችንም የሆነው አንዱ ብቻ ነው!» ይላል ሌላው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ» አለች አንዲት አባል፣ «እኔ የምኖረው የመንግሥት ቤት ተከራይቼ ነው። ባለቤቴ በረንዳው ላይ አንሶላ ቢያሰጣ ስንት ዓመት ይፈረድበታል?»

ምክር ቤቱ ሳቀ። ዘበኛውም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ይሄ ረቂቅ እኮ ሞቶ ነበር፣ ጋሽ ባንዲራ። ሁለቴ ድምፅ አጥቶ ተመልሷል። የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ሲሰማ ነው ሰዎቹ መዞር የጀመሩት። በትናንቱ ደግሞ ባሰባቸው። አሁን አንድ ነገር ቢጨመር አለቀ! እነዚያ ሰቀልን ባዮች ራሳቸው ናቸው የሚያጸድቁት። ጅሎች!»

ጋሽ ባንዲራ ጅል የተባለችው ልጁ መስላው ፊቱን አዞረ።

የንብረት ኃላፊው ትናንት ከሰዓት ሠራተኛውን ሰብስቦ ነግሯቸዋል። የወረዱት ሁለቱም ባንዲራዎች ፖሊስ ጋ ናቸው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መጥቶ ያመነ ከሥራው ይሰናበታል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። በኋላ የተያዘ ግን ሦስት ዓመቱን ይቆጥራል። «ቤተሰቡን የሚጠረጥር ካለ ዛሬውኑ ይምከር» ብሎ ሲጨርስ ዓይኑ ጋሽ ባንዲራ ላይ ነበር።

ኃላፊው በሩ ሲንኳኳ ራሱ ተነስቶ ከፈተ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ! ምን ያስቆምዎታል?» ወንበር ሳበለት። ኃላፊው ልጅ እግር ሳለ የተቀጠረው በጋሽ ባንዲራ ረዳትነት ነበር፤ ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት አብረው ሰቅለዋል። ሥልጣን ካገኘ በኋላም «ጋሼ» ማለቱን አልተወም። «አንተ» ማለቱን የተወው ጋሽ ባንዲራ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ባንዲራ ሳይቀመጥ።

«ምኑን ጋሼ?»

«የሰቀልኩት። ሁለቱንም።»

ኃላፊው አልደነገጠም።

«ጡረታዎ እኮ ሰባት ወር ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ልጅዎስ...»

«ልጄ የለችበትም! ስሟ እዚህ እንዳይነሳ።»

«አይነሳም» አለ ኃላፊው ለስለስ ብሎ። «እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም። ይቀመጡ በሉ።»

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ክፍት የቀረው የስምና የፊርማ ቦታ ብቻ ነው። ጋሽ ባንዲራ መነጽሩን ቤት ረስቷል። ኃላፊው ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ላይ ፈረመ።

ኃላፊው ስልኩን አነሳ። «አምኗል። አዎ፣ ከገዛ ቤታችን! ሠላሳ አንድ ዓመት የሰቀለ ሰው። አሁኑኑ ለአፈ ጉባኤው ያድርሱልኝ።»

በመስኮቱ የዘበኛው ሬዲዮ ይሰማል። አንድ ሰው መናገሩን አቋረጠ። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። የአንሶላዋ ሴትዮ እየደጋገመች ዕድል ጠየቀች፤ የሚሰማት አልነበረም።

ጋሽ ባንዲራ ስለ ልጁ አሰበ። ነገ ሕጉ ቢጸድቅም ዳቦዋን በልታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እንደ ልማዷ አፍ እየተካፈተችው ሥራዋ ትሄዳለች። እሱ ከቤት ይውላል። ይሁን።

«ማኅተሙ ብቻ ቀረን» አለ ኃላፊው።

ዞሮ ከጀርባው ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተ፤ ከማኅተሙ ጎን ያኛው ባንዲራ፣ አንድ ሳይሆን ሦስት፣ አዲስ እንደሆነ፣ እጥፋቱ እንኳ ሳይፈታ ተደራርቧል፤ ጋሽ ባንዲራ ከወንበሩ ብድግ ሲል ኃላፊው ማኅተሙን ብቻ አወጣና በሩን ዘጋው።