ድመቱን ያመጣው ማን ነው?

«ወይ ድመቱ ይውረድ፣ ወይ እኔ ልውረድ!»

ባለ ቆዳ ጃኬት ሰውዬ ነው፣ አውቶቡሱ መሃል ቆሞ የሚጮኸው...

እኔ ሹፌሩ ነኝ። ጸሎቴን አድርሼ ገና ሞተር ማስነሳቴ ነበር። ውጭው በረዶ ነው። የመስታወቱን ውርጭ ስፍቅ ቆይቼ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል።

ድመቱ ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑን የታቀፈችው ሴትዮ ልብስ አጣቢ ናት፤ እረፍት ስትወጣም ስትመለስም እኔ ጋ ትሳፈራለች።

ካርቶኑን እንዲተነፍስ በስታዋለች። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በካልሲ ጠቅልላ ጎኑ ሸጉጣለታለች። ከላይ ሻርፗን ጣል አድርጋለች።

«ወንድሜ፣ ያረጀ ድመት ነው። ድምፁንም አትሰማው» አለችው።

«ይሸተኛል!»

«እኛን የሚሸተን ያንተ ሽቶ ነው!» አለች አንዷ ከኋላ።

«ከስር ከሻንጣ ጋር ይግባ!»

«ከስር ማሞቂያ የለም» አልኩት። «በዚህ ብርድ ሻንጣ ምንም አይሆንም። ነፍስ ያለው ግን ይሞታል።»

«ድመት እኮ ነው! ፀጉር አለው!»

«አንተም ጃኬት አለህ። ልክተትህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም እየተነጫነጨ ተቀመጠ። ያለቀ መስሎኝ ነበር...

መንገድ ላይ የባለ ጃኬቱ ስልክ ጠራ። እኛ ሁላችን የደወልንለት ይመስል ነው የሚያወራው።

«እየመጣሁ ነው አልኩ እኮ! አልበላም ካለች እኔ አፏን ፈልቅቄ ላጉርሳት? እሺ ብያለሁ... እሺ!»

ጥርቅም።

ለምሳ ቆምን። የጠርሙሱ ውሃ ቀዝቅዞ ስለነበር ሴትዮዋ ልታስሞላ ወረደች። ካርቶኑን ወንበሯ ላይ ተወችው። «ውጭ ይበርደዋል፣ እዚህ ይሻለዋል» ብላ...

ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔም ምሳዬን በልቼ እሷን ተከትዬ ስገባ ወንበሩ ባዶ ነው።

«ካርቶኔስ?»

ከወንበሩ ስር አጎንብሳ ፈለገች።

«ኧረ ካርቶኔን ያየ ሰው የለም?»

ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ከብርዱ ሸሽቶ እዚያው ተቀምጦ ምሳውን ሲበላ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷል! አንድ የሚናገር አፍ ጠፋ!

ባለ ጃኬቱ ብቻ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «ቦታው ገብቷል» አለ።

እየሮጥኩ ወረድኩ። የሻንጣውን በር ከፈትኩ።

ካርቶኑ በጎኑ ተጋድሟል። ላዩ ላይ የሰው ሻንጣ ተጭኖበታል። ድመቱ እግሩ ድርቅ ብሏል... መንቀጥቀጥ እንኳ አቁሟል።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ኮቷን ፈታ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። ጆሮው ላይ እፍ... እፍ... ትልበታለች።

እኔ ግን... ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ጸሎት ካደረሰ አፍ የማይወጣ ቃል ነው ያወጣሁት። እጄን የያዝኩት በግድ ነው።

«አንተ ሰው፣ ትንሽ አልዘገነነህም?»

«ለድመት?» ብሎ ሳቀ።

ሴትዮዋን ከጎኔ፣ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኳት። እየነዳሁ ጸለይኩ። «ለድመት ይጸለያል ወይ?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አዎ ይጸለያል! የፈጠረው እሱ ነው።

«ለማን ነው የምትወስጂው እህቴ?» አልኳት።

«የምሠራበት ቤት አንዲት እናት አሉ» አለችኝ። «ልጃቸው ቤታቸውን የዘጋ ቀን እሳቸውን እዚያ አስገብቶ፣ ድመቱን ደጅ አስቀረው። 'ድመቴን' እንዳሉ ነው። ሰሞኑን ጭራሽ እህል አቆሙ። ድመቱን ጎረቤት አስጠግቶት ነው ያገኘሁት። አሁን ደግሞ እንዲህ ሆኖ...»

ሹራቧን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከሹራቧ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ... ሚያው።

የጨፈገገው መስታወቱ ይሁን ዓይኔ ይሁን፣ እኔ አላውቅም።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ባለ ጃኬቱ ወርዶ ግራ ቀኝ አየ።

«የአረጋውያን መጦሪያው በየት በኩል ነው?»

ሴትዮዋ ደርቃ አየችው። ከዚያ «ተከተለኝ» አለችው። «እዚያ ነው ልብስ የማጥበው።»

እኔም ካርቶኗን ይዤላት ተከተልኩ። ልቤ ግን ከፊቴ ይሮጣል...

ክፍሉ ጋ ስንደርስ ቀድሞን ገባ።

«እማዬ» አለ።

ካርቶኑ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ድመቱ አንድ ጆሮው ጫፏ የለችም። ያችን ቆራጣ ጆሮውን ከሹራቡ ብቅ አደረገ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ አልጋው ላይ አኖረችው።

«ሻምበል! የኔ ሻምበል!»

ባለ ጃኬቱ ጆሮውን አየ። ፊቱ ኖራ መሰለ።

እናትየው አንገቱን ስበው ሳሙት። «ልጄ... አንተ ነህ ያመጣህልኝ? በዚህ ብርድ? እሱን እንዳሞቅከው ፈጣሪ ያሙቅህ!»

አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

«አዎ እማማ» አለች። «ልጅዎ ነው ያመጣው።»

እሱስ ምን አለ መሰላችሁ?

«አሜን።»

አሜን!!!

ደጅ ወጥተን «ለምን?» ብዬ ጮህኩባት።

«ሾርባ አምጡልኝ ሲሉ አልሰማህም ወንድሜ?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ገባች።

ወገኖቼ... በብርድ ከእንስሳ ጋር የምትጓዙ፣ ነፍስ ያለውን ከሻንጣ ጋር አትጫኑ። ከአጠገባችሁ አታርቁት። እያያችሁ ስልካችሁ ላይ የምታቀረቅሩም፣ ያን ካርቶን አብራችሁ ነው የወረወራችሁት።

ነፍስ ያለውን እንደ ዕቃ የሚወረውር ሰው ደግሞ ከድመት አይጀምርም። ይሄኛው ከእናቱ ነው የጀመረው!

ለሱም ልጸልይ ሞክሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

እናንተስ? ያን ምርቃት ሲቀበል ብታዩ፣ እውነቱን እዚያው ታፈርጡት ነበር... ወይስ እንደ ልብስ አጣቢዋ ዝም ትሉ ነበር?