የሽብሩ ጣት

ስኳሩ ያለ መድኃኒት ከተስተካከለ ዓመት ሞልቶታል፤ ሚስቱ ግን እሱንም ስኳሩንም አታምንም። ምሳ በልቶ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ይለካል፤ ቤት ሲገባ መለኪያው የመዘገበውን ታያለች። ከመቶ ሰማንያ ካለፈ ወዮለት!

ዛሬ ሰርግ ቤት ጠጅና ኬክ ጉድ ሠሩት። የመለኪያ ሰዓቱ ሲደርስ ጓደኛውን ሽብሩን ከድንኳኑ ጀርባ ጎትቶ ወሰደውና «ጣትህን አውሰኝ» አለው።

«ስኳር የቅምጥል በሽታ ነው» አለ ሽብሩ፣ በአንድ እጁ ብርሌውን እንደያዘ ሌላውን እየዘረጋ። «እኔን እንኳን ስኳር፣ ጉንፋንም አያውቀኝ!»

ወጋው። አራት መቶ አስራ ሁለት።

ዕቃው የተበላሸ መስሎት መርፌውን ቀየረና የራሱን ጣት ወጋ። መቶ ሠላሳ።

«ቶሎ በልና ልሂድ» አለ ሽብሩ፣ ብርሌውን ጨልጦ። «ሰሞኑን ይኼ ውኃ ጥም አላስቀምጥ ብሎኛል።»