ድምፅ የሌለው ማራገቢያ

«እስቲ ይኼን ደግሞ አዙርልኝ» አለች፣ የኮምፒውተር ማራገቢያውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ።

ባለ ሱቁ ሽቦውን ከመሞከሪያው ጋር አገናኘው። ሰው ሁሉ ብሎን ነው የሚለው፤ ኮምፒውተር ሲገጣጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ። ማራገቢያው ዞረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«ይኼም ያፏጫል።»

«እህቴ፣ ኮምፒውተር ልትገዢ ነው ወይስ ሕፃን ልታስተኚ?»

«እናቴን» አለች።

አልቀለደችም። ወንድሟ የሚቀርጻቸውን ሠርጎች ኤዲት የምታደርገው እቤት፣ ከታመመችው እናቷ አልጋ በመጋረጃ በተከለለች ጥግ ሆና ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ስለዚህ የራሷን አሠራር አበጅታለች፤ እናቷ ስትተኛ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፤ ያለቀውን ቪዲዮ ኤክስፖርት የምታደርገው፣ ማለትም ኮምፒውተሩን እያስጮኸች አንድ ፋይል አድርጋ የምታወጣው ግን እናቷ ስትነቃ ነው። አሁን አሁን እናቷ የምትነቃበት ጊዜ እያጠረ ሄዷል፤ ኮምፒውተሩም መሀል ላይ ድርግም እያለ ይጠፋል። ሙሽሮች በስልክ ይነዘንዟታል። ወንድሟ «የሚቀጥለው ኮምፒውተር ያንቺ ነው» ካላት ቆይቷል፤ ዛሬ ጠዋት ደውሎ «ነይ፣ አንቺው ምረጪ፤ ገንዘቡ ግን ከዚህ አያልፍም» ሲላት፣ ጫማዋን በትክክል ሳታስር ነው የወጣችው።

መምረጡ ከገዛ ሥጋ እንደ መቀነስ ነበር። ግራፊክስ ካርዱን ያገለገለ አደረገች። ፕሮሰሰሩን ካለፈው ዓመት ወሰደች፤ ለሠርግ ቪዲዮ ያንሳል የሚል ካለ መጥቶ ይከራከራት። ሥራ ሲበዛበት እንዳይደርቅ ራሙ ላይ ግን እጇን አልሰበሰበችም። ብሎን የሚያብረቀርቀውን ባለ መስታወት የኮምፒውተር ኬዝ ሲያወርድላት «መልሰው» ብላ ጥቁሩን ቆርቆሮ አነሳች። ከዚህም ከዚያም ያተረፈችውን ሁሉ ጸጥታ ልትገዛበት ነው።

አራተኛው ማራገቢያ ዞረ። መዞሩን ያወቀችው ንፋሱ ጉንጯን ሲነካት ነው።

«ይኼ ነው» አለች። «ሦስት ስጠኝ።»

ደጃፉ ላይ ስልክ ሲያወራ የቆየው ወንድሟ ገባ። «እሺ፣ የት ደረሳችሁ?» አለና ጥቁሩን ኬዝ በጣቱ አንኳኳው። «ይኼ ደግሞ ምንድነው? የብስኩት ቆርቆሮ ነው እንዴ? መስታወት ያለው፣ መብራት ምናምን የሚያበራው የለም?»

«ሞልቶ!» አለ ብሎን።

«ጋሼ፣ መብራት ቪዲዮ አይቆርጥም» አለች እየሳቀች።

«ደንበኛ ያየዋላ!»

«የትኛው ደንበኛ ነው እኛ ቤት የሚመጣው? ሐኪሙ ነው?»

ወንድሟ አልሳቀም። ማራገቢያዎቹን አገላብጦ ዋጋቸውን አየ። «ለእነዚህ ነው ይኼ ሁሉ?»

«አይጮሁም። እማዬ እንድትተኛ ብዬ ነው።»

«ተያቸው» አለ። «እዚያ የሚተኛ ሰው የለም።»

ብሎን በከንፈሩ የያዘውን አወጣና መዳፉ ውስጥ ደበቀው።

«የት?» አለች።

«አዲስ የምከፍተው ሱቅ ነዋ። የሚስቴ ወንድም ሊሠራበት ነው። ልነግርሽ እኮ ነበር። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ቁጭ ብሏል፣ አማቶቼ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ ምን ላድርግ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ያቺን አሮጌዋን ለምደሻታል።» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «አንቺ እጅ ላይ የሞተ ኮምፒውተርም ይነሳል። እውነቴን ነው፣ ለሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የምነግረው።»

ከልቡ ነው የተናገረው። ከልቡ መሆኑ ነው የባሰባት።

«ታዲያ እኔን ለምን አመጣኸኝ?»

«ምን ማለት ነው?» ግራ ገብቶት አያት። «ካንቺ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው፤ ብትወጣ የሚይዛት የለም። ይኼኔ ብሎን ጉሮሮውን ጠረገና «ባለ መስታወቱን ከወሰዳችሁ፣ ማራገቢያዎቹ ቀርተውም ከገንዘባችሁ ትንሽ ያልፋል» አለ። «ወይ ከራሙ ይቀነስ፣ ወይ ከካርዱ።» የጠየቀው ገንዘቡን የያዘውን ወንድሟን ሳይሆን እሷን ነው።

ከራሙ ይቀነስ ማለት ፈልጋ ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን ሠርግ ሲከፍት ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ሲቀርበት፣ አማቶቹም መስታወቱን ሲያደንቁ በዓይነ ኅሊናዋ አየች። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣ አለ። ደግሞስ ያ ልጅ ያቃተው ሠርግ ዞሮ ዞሮ ወደ ማን ሊመጣ ነው?

«ራሙ አይነካ» አለች። «ካርዱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው።»

«ይኸው!» አለ ወንድሟ ለብሎን። «አላልኩህም?»

ብሎን መግጠም ጀመረ። ቀና ብሎ አላያትም፤ ብቻ ገመዶቹ በየት በየት እንደሚያልፉ ሲጠይቃት በለሆሳስ ነበር፣ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው። መለሰችለት። መጨረሻ ላይ ሲያበራው መስታወቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ሆነ፤ ርካሾቹ ማራገቢያዎች ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጡ ተነሱ።

ወንድሟ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። «ትንሽ ወደዚያ በይልኝ፣ ገባሽብኝ» አላት። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች።

«ለሱቁ ማስታወቂያ ነው» አለ ሲጨርስ፣ ስልኩን እያቀበላት። «ማታ ቆንጆ አድርገሽ ትሠሪልኛለሽ፣ ሙዚቃ ጣል አድርገሽበት።»

ከፍታ አየችው። መጀመሪያው ላይ፣ ከመብራቱ በስተግራ፣ ትከሻዋና የቦርሳዋ ማንገቻ ይታያል። ከየት ላይ እንደሚቆረጥ ወዲያው አወቀችው።