ሁለተኛው ምንጭ

ስልኩ ለአምስተኛ ጊዜ ይጠራል። ክፍሉ «ተረበኛዋ» የሚላት ተማሪ እስክሪብቶዋን ደብተሯ ላይ ደግና ትጠብቃለች። ሁሉም እንዲሰማ ስፒከሩ ተከፍቷል። ሠላሳ ሁለት ጀማሪ ጋዜጠኞች ወደ ስልኩ አዘንብለዋል።

ልማዱ የቆየ ነው። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በሕይወት ባሉ አንድ አንጋፋ አዘጋጅ ስም ነው። የአዲስ ገቢዎች የመጀመሪያ ሥራም እሳቸው ቤት ደውሎ አንድ ነገር ማጣራት ነው፦ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው እብነ በረድ ጋዜጣቸው የተመሠረተበትን ዓመት ይናገራል፤ እውነት ነው ወይ? ሽማግሌውም በየዓመቱ፣ እብነ በረድ ላይ ጻፉኝ እንጂ ገና አልቀበሩኝም እያሉ ያስቋቸዋል።

ዘንድሮ ግን መምህሩ ሰግቷል። ትናንት የሽማግሌው ልጅ ደውላ፣ አባቷ መርሳት እንደጀመሩና ነገሩ ቢቀር እንደሚሻል ነግራዋለች። እሱ ነው ድርቅ ያለው። ያቺን ዓመት ከረሱማ ምን ቀራቸው ብሎ ተከራከራት። የመጀመሪያ ዜናውን ሦስቴ ያስጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው እንዲውሉ አልፈለገም።

«ሃሎ።»

ተረበኛዋ ለስልክ ተነሥታ ትቆማለች። ከኋላ አንዱ ይስቅባታል። ከየት እንደምትደውል ትናገርና ጥያቄዋን ታቀርባለች።

«የማን ትምህርት ቤት አልሽኝ?»

ስሙን ትደግምላቸዋለች።

«ሰውዬውን የማውቀው ይመስለኛል» ይላሉ ሽማግሌው።

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ የዘንድሮው ቀልድ መስሎታል። መምህሩ አይስቅም። እሷም ጋዜጣው መቼ እንደተጀመረ ቀስ ብላ ደግማ ትጠይቃለች።

«እኔ እንጃ ልጄ። ቆይ፣ ባለቤቴን ልጥራልሽ። ሁለት ሰው ሳትጠይቂ እንዳትጽፊ።»

ቀፎው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሰማል። ከዚያ የነጠላ ጫማ ኮቴ። «አንቺዬ! የት ነሽ?» አንድ በር ይከፈታል፤ ራቅ ብሎ ሌላ በር።

መምህሩ የሽማግሌውን ሚስት የሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎታል። መስመሩን ሊዘጋ እጁን ይሰዳል፤ ተረበኛዋ ፊቱን አይታ ታቆመዋለች።

«የሉም?» ትለዋለች በሹክሹክታ።

አዎ በሚል ራሱን ይነቀንቃል። እሷም የስልኩን መዝጊያ ቁልፍ በመዳፏ ትሸፍነዋለች። ከኋላ የሳቀው ልጅ አንገቱን ደፍቷል።

ኮቴው ይመለሳል።

«አጣኋት። ወጣ ብላ ይሆናል። ትቸኩያለሽ?»

«አልቸኩልም ጋሼ» ትላለች፤ ወንበሯን ስባ ትቀመጣለች። «እስከዚያ ስለ እሳቸው ይንገሩኝ።»

በስልኩ ውስጥ እሳቸውም ወንበር ሲስቡ ይሰማል። አንድ ጊዜ ይስላሉ። «እሷ እንኳ» ብለው ይጀምራሉ፣ «መንገድ ስትሄድ ማንም አይቀድማትም ነበር።»

ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አዲስ ገጽ ይገለጣል። መምህሩ ኪሱን ይዳብሳል፤ እስክሪብቶ አልያዘም። ከፊት የተቀመጠችው ተማሪ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሣ፣ አንድ ታቀብለዋለች።