የበራኺ ባዶ ሆድ

ዘርአብሩክ አምርሮ የሚጠየፈው የበሽተኛ ዘመድ ቋጥሮ የሚያመጣውን ምግብ ነበር። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በፈረሰ በዓመቱ አስመራ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ ሆኖ ይሠራል። በሩ ላይ ቅቤና ሽንኩርት ከሸተተው መስኮቱን ሁሉ ይከፍታል።

የዚያን ዕለት ጠዋት የሐሞት ጠጠር ሊወጣለት የተኛው በራኺ ነበር። ሚስቱ ርግበ ከጎዳይፍ በአውቶቡስ መጥታ፣ በነጠላ የተቋጠረ ጣሳ ጉያዋ ሸጉጣ አልጋው አጠገብ ተጎልታለች። የራስ ቅቤዋ ቀልጦ አንገቷ ላይ ወርዷል። ዘርአብሩክ አፍንጫውን ያዘ።

«ጣሳው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ጥሕኒ፣ ሓኪም። የገብስ በሶ ነው። ሲነቃ በጥብጬ እሰጠዋለሁ።»

ዘርአብሩክ ባሏ ከማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ በማርያም አስማላት። ማለች። እሱ ግን ጣሳውን በጥርጣሬ ማየቱን አልተወም። ከዚያ ለበሽተኛ ሁሉ እንደሚያደርገው ከደብር ያመጣውን ግራጫ እምነት በበራኺ ግንባር ላይ ቀባ፤ ራስጌው የነበረውን ባዶ ጆግ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ አልጋውን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገፋ።

ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ሲሰጠው የበራኺ ሥጋ ከቆዳው ሥር ተርገፈገፈ፤ ቀጥሎ መላ አካሉ ዝልፍልፍ አለ። የመተንፈሻ ቱቦው ጉሮሮው ሳይገባ ከአፉ ግራጫ ውሃ ቡልቅ አለ። ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ዝቃጭ አለው። ዘርአብሩክ እጅጌው ላይ ፈሰሰበት። በማሽን እየመጠጠ ቢያወጣም ጥቂቱ ወደ በራኺ ሳንባ ወርዶ ነበር።

ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም መድኃኒቱ የጨጓራውን አፍ ከፍቶት እንደሆነ ጠየቀው።

«ይህ መድኃኒት የጨጓራን አፍ የሚዘጋውን ጡንቻ አያላላውም» አለ ዘርአብሩክ። «ሆዱ ሞልቶ ነው ገፍቶ የወጣው። ያቺ ቆሻሻ ሴትዮ በሶ አጠጥታዋለች።»

ቀዶ ጥገናው ቀረ። የበራኺ ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል፤ ማደሩም ያጠራጥራል። ዘርአብሩክ እጅጌውን እንኳ ሳያጥብ ወጥቶ ዘበኛውን ጠራና ርግበን ከግቢ እንዲያስወጣት አዘዘ። ባሏን ገድላዋለች ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ሰደባት።

«ኣይፋል፣ አላቀመስኩትም» አለች።

ጣሳውን ነጥቆ ቋጠሮውን ፈታ። በሶው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ጣት እንኳ አልነካውም።

«ሓኪም፣» አለች ርግበ እንባዋን እየጠረገች፣ «እርስዎ ጠዋት እምነት በጥብጠው የሰጡትን ጸበል እኮ ጆጉን ሙሉ ነው የጠጣው፤ አይድንም እንዴ?»