የማትደነግጠው ተመልካች

የፊልም ተማሪዋ ለትምህርቷ አስፈሪ ፊልም ልትሠራ ነው። መክፈቻውን ከመቅረጿ በፊት፣ ታዳጊዎች የቱ ጋ እንደሚደነግጡ ለማጥናት ከዩኒቨርሲቲው ዶርም ወደ ቤት መጣች።

የአሥራ አራት ዓመት እህቷን ናርዶስን አጠገቧ አስቀምጣ ስድስት ፊልም አሳየቻት። ስክሪኑ ላይ በር ተገነጠለ፣ ደም ተረጨ፣ አንዲት ልጅ ታነቀች። ናርዶስ ቆሎዋን ትቆረጥማለች።

«አንቺ፣ ትንሽ እንኳ አትደነግጪም?»

«ውሸት ነዋ!»

«ይህች ልጅ ምንም አትፈራም» ብላ ታላቅ እህቷ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

እናታቸው ገና ከሥራ አልገባችም። ከግቢው በር ውጭ የእንጀራ አባታቸው መኪና ክላክስ ጮኸ። ቆሎው ምንጣፉ ላይ ተበተነ።

ወትሮ በሩን የምትከፍትለት ናርዶስ ናት። ክላክሱ ደግሞ ጮኸ። ናርዶስ የእህቷን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

«እባክሽ፣ ዛሬ አንቺ ክፈቺለት።»